ከወገብ በታች የታጠበ ቤት

ኅዳር 13 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ለዚህ ሁሉ ጥፋት ተጠያቂዋ ኣምለሰት ናት። የወንድሜ ልጅ፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት ኣምለሰት። የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር ጋሻው ይህን ደብተር ሲሰጠኝ፣ «መጀመሪያ ቀኑን ጻፊ፤ ቀጥሎ በልብሽ ያለውን» ብሎኛል። ቀኑን ጽፌአለሁ። በልቤ ያለውም ይኸው ነው።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

ትናንት ሻማዬ አለቀና ዋናውን ነገር ሳልጽፍ ተኛሁ።

እኔ ቤት አጣቢ ነኝ። የውስጡን አይደለም፤ ያ የቤት ሠራተኛ ሥራ ነው። እኔ የማጥበው የውጭውን ነው፤ ግድግዳውን፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ ከጣሪያ ሥር ያለውን ጌጥ። ጣሊያኖቹ ቤታቸውን ቢጫና ሮዝ ቀብተው ሄዱ፤ አቧራው ግን አብሯቸው አልሄደም። ድሮ ለአንድ ጣሊያን ኮንትራክተር ውሃ አመላልስ ነበር። ሰውዬው ወደ ምጽዋ ወርዶ መርከብ ሲሳፈር መሰላሉን ለእኔ ተወልኝ። ባለ አሥራ ዘጠኝ እርከን ነው። በዚህ ከተማ ቤት ከሚያጥቡት ሁሉ ሁለተኛ ፎቅ የሚደርስ መሰላል ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ዋጋዬ በመስኮት ነው። ሜትር መቁጠር አላውቅም ነበር፤ መስኮት ግን ማንም ይቆጥራል። አንዱ መስኮት ከነግድግዳው ሃምሳ ሳንቲም። ድሃ ሰው መስኮቱ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ራሱ ፍርድ ያውቃል።

ኣምለሰት መሰላሉን ከታች ትይዝልኝ ነበር። ሃያ ዓመት። ባለፈው ሳምንት ገጀረት ሰፈር አንድ ቤት ስናጥብ ዘጠነኛው እርከን ላይ ቆም አልኩ። ከዚያ ላይ ከተማው ያምራል። እያየሁ ነበር። ያቆመኝ ጉልበቴ አይደለም። ትንሽ ቆየሁ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። እሷ ግን የቤቱ እመቤት እየሰማች፣ መንገደኛው እየሰማ፣ ከታች ሆና ጮኸች።

«ኣሞይ፣ ውረጂ በቃ! ከዛሬ ጀምሮ እኔ ልውጣ፣ አንቺ ያዢ!»

የአባቷ እህት ነኝና ኣሞይ ትለኛለች። በአክብሮት ጠርታ በስድብ ጨረሰችው። ያዢ! መሰላልን ድንጋይም ይይዘዋል። እኔ ሃያ ዓመት ሰው ሲይዝልኝ የኖርኩ ነኝ።

ወረድኩ። ራሴ ነኝ የወረድኩት። ሰው ተገዳ ወረደች እንዳይል፣ ብሩሽ ላነሣ የወረድኩ እንዲመስል ብሩሹን መጀመሪያ ወረወርኩት። ከዚያ «ከቤቴ ውጪ» አልኳት። ሁለት ባልዲና አንድ ብሩሽ ይዛ ወጣች። ባልዲዎቹ የእኔ ናቸው።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ተኽለ ውሃ አመጣ። በፈረስ ጋሪ በርሜል ጭኖ ለሰፈራችን ለማይ ጭሆት ሰው ሁሉ ውሃ የሚሸጥ ሰው ነው። ውሃውንም ወሬውንም በአንድ ጉዞ ያደርሳል።

«ኣደይ ርግበ፣ ሰማሽ? ኣምለሰት ራሷን ችላ ቤት ማጠብ ጀመረች። በመስኮት አርባ ሳንቲም።»

«መሰላል የላትም።»

«እጇ እስከሚደርስ ነው የምታጥበው። ከዚያ በላይ ያለውን ዝናብ ያጥበው ትላለች።»

ዝናቡ ሰኔ ነው የሚመጣው። ይህን የሚያምን ሰው አለ? አለ። ዋጋዬን ሠላሳ አምስት አደረግሁ።

ኅዳር 19፣ ሰኞ

ሰሌዳ ጻፍኩ። «ቤት በውጭ በኩል ይታጠባል። በመስኮት 35 ሳንቲም። ርግበ፣ ማይ ጭሆት።» ድሮ ሰሌዳዬ በጣሊያንኛ ነበር፤ ቀጥሎ በትግርኛና በዓረብኛ። አሁን ከመሀል አገር የመጡት የመኮንኖቹ ሚስቶች እንዲያነቡት በአማርኛ ይሁን ተባለ። ሦስቱንም ማንበብ አልችልም ነበር። ለእኔ መንግሥት ሲለወጥ የሚለወጠው ሰሌዳው ነበር። አራተኛውን ግን በእጄ ጻፍኩት። ፊደል የተማርኩት ለዚህ ነው።

መምህር ጋሻው አየና «ሦስቷ ትንሽ ጎብጣለች» አለ። ሰው ነች እንዴ?

ኅዳር 22

ተኽለ መጣ። ኣምለሰት ሠላሳ ገባች። እኔ ሃያ አምስት። ሰሌዳውን እንደገና ጻፍኩ።

ኅዳር 26፣ ሰኞ

ጥራቮሎ ሰፈር ሄድኩ፣ ደበሳይ ጋ። ባለ ቡና ቤት ነው፣ የቆየ ደንበኛዬ። በየዓመቱ አራት መስኮት አጥብለታለሁ። ዛሬ ስቆጥር ሦስት ሆነ። እንደገና ቆጠርኩ። ሦስት።

«ደበሳይ፣ አራተኛው መስኮትህ የት ሄደ?»

«ምን አራተኛ? ሦስት ነው ያለኝ።»

ገብቼ አየሁ። በውስጥ በኩል የቢራ ፋብሪካ የቀን መቁጠሪያ ሰቅሎበታል፤ በውጭ በኩል ጣውላ መትቶበታል።

«ይኸውልህ!»

«እሱ መስኮት አይደለም፣ የቀን መቁጠሪያ ነው።»

የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። ሳልገባ በፊት ሌላ ነገር ያወሩ ነበር፤ ስገባ አቆሙ፣ በመስኮቱ ሳቁ። ደበሳይ ሊሸኘኝ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ርግበ፣ በዚህ ዘመን ሰው ፊት ጮክ ብለሽ አትቁጠሪ» አለኝ። ሌባ ለምን እንዲህ እንደሚል ይገባኛል።

ሦስት መስኮት አጠብኩ። መሰላሉን ድንጋይ አስደግፌ እስከ ሰባተኛው እርከን ወጣሁ። ጉልበቴ አይደለም፤ ነፋስ ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ

በመስኮት አሥራ አምስት። ተኽለ እንዳለው ኣምለሰት የግቢውን በር በነጻ ትጨምራለች። እኔ በሩንም አጥሩንም በነጻ ጨመርኩ። መምህሩ «አምስትሽ በጣም ቆንጆ ሆናለች፤ ዋጋሽ በወረደ ቁጥር ጽሕፈትሽ እየወጣ ነው» ብሎ አመሰገነኝ። የቐንየለይ ብዬ አመሰገንኩት። ምን ልበል ሌላ?

ሁሉ ነገር ሲረክስ ውሃ ብቻ በበርሜል አምስት ሳንቲም ጨመረ። ተኽለ «ገብስ ተወዷል፣ ፈረሱ ይበላል» ይላል። ምስኪን። አዲስ ቆብ አድርጓል፣ ያምርበታል።

ታኅሣሥ 6

አምስተኛው እርከን። ፀሐይ። ጉልበቴ አይደለም።

ታኅሣሥ 10፣ ሰኞ

ገጀረትን ዛሬ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ቤቱ ሁሉ ከወገብ በታች ንጹሕ፣ ከወገብ በላይ አመድ። አንድም ሳይቀር። ኣምለሰት መሰላል ስለሌላት ታቹን ታጥባለች። እኔም በዚህ ዋጋ ላይኛውን ማጠብ አያዋጣኝም፤ ታቹን አጥባለሁ። ስለዚህ ታቹን የማታጥብ የለችም፣ ላዩን የምታጥብ የለችም።

ዋጋው ስለረከሰ አንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያሳጥባል። አንዲት ሴት ጠዋት በእኔ፣ ከሰዓት በኋላ በኣምለሰት አሳጥባ ማናችን እንደምንሻል ስታወዳድር ዋለች። ከመታጠብ ብዛት ሮዙ ቀለም ለቆ የጣሊያኖቹ ሲሚንቶ ወጣ። ሴትዮዋ «ቆሻሻው አሁን ገና መታየት ጀመረ» ብላ ለሐሙስ ቀጠረችኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ዓርብ

ደበሳይ ጋ ለበዓል ልጠብለት ብዬ ሄድኩ። ከባንኮኒው ሳይወጣ «ምን ትሰጪኛለሽ?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? አንተ ነህ የምትሰጠኝ።»

«ተኽለ እንደነገረኝ ያቺኛዋ ካጠበች በኋላ ባለቤቱን ሻሂ ትጋብዛለች።»

ሻሂ ልጋብዘው ተቀመጥኩ። የቡና ቤቱ ባለቤት እሱ ነው፤ የራሱን ሻሂ ቀድቶ ጠጣ፣ ሒሳቡን ከእኔ ተቀበለ። በመጨረሻ አንድ መስኮት አሳጠበኝ። መስኮቱ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ሻሂው አሥራ አምስት ሳንቲም። ወጥቼ መንገዱን ከያዝኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ስወጣ መሰላሌን በዓይኑ ለካው። «ሃያ ብር እሰጥሻለሁ። ለሁለት እቆርጠዋለሁ፤ ግማሹ ለመደርደሪያዬ፣ ግማሹ ለዶሮዎቹ መውጫ።»

«አይሸጥም።»

«ሳትወጪበት ምን ያደርግልሻል?»

ጉልበቴ አይደለም አልኩት። እሱም «ስለ ጉልበት ማን አነሣ?» አለኝ።

ወንድሜ፣ የኣምለሰት አባት፣ ከሀገር ቤት መልእክት ልኳል። አጨዳው አልቋል፣ ጎጆ አለልሽ፣ ሥራ ከቸገረሽ መጥተሽ ዶሮ ጠብቂልን ይላል። የኔ ነገር በዶሮ ሊያልቅ ነው። የቤት ኪራይ ካልከፈልኩ እኔ ወደ ወንድሜ ዶሮዎች፣ መሰላሌ ወደ ደበሳይ ዶሮዎች።

ታኅሣሥ 22፣ ቅዳሜ

እግዜር አየኝ። ወይዘሮ ስመኝ አስጠራችኝ። ባለቤቷ ሻለቃ ነው፤ ገጀረት ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ይኖራሉ። ልጃቸው ጽጌሬዳ ጥር 28 ትዳራለች። ከአዲስ አበባ ጭምር እንግዳ ይመጣል።

«እማማ ርግበ፣ ይኸንን ቤት እዪልኝ። ያጠቡልኝ እስከ ወገቡ ነው። ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ የምትሻገር ሴት መሰለ! በዚህ ላይ ነው ሙሽራ የማወጣው? መሰላል ያለሽ አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ እሜቴ። እኔ ብቻ ነኝ።»

«ትወጫለሽ?»

«ለምን አልወጣም?» አልኩ።

ይህን ቤት አሳምሬ ካጠብኩ ለሌሎቹ የመኮንን ሚስቶች ትነግርልኛለች። ካላጠብኩት ዶሮ ነው። እንግዲህ ነገር ሁሉ እዚህ ቤት ላይ ቆመ።

ታኅሣሥ 24፣ ሰኞ

ታሰርኩ። ተፈታሁም። የቆየሁት ጊዜ ሻሂ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም፣ ግን ታስሬአለሁ።

ዋጋ ለመንገር የሻለቃውን መስኮት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ስቆጥር ነበር፣ በጣቴ እያመለከትኩ። ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ።

«ምን ትቆጥሪያለሽ?»

«መስኮት።»

«የሻለቃውን መስኮት ለምን?»

«ዋጋው በመስኮት ስለሆነ።»

«የማን ዋጋ?»

እነሱ ሲሉት ነገሩ ሁሉ ከፋ። ወሰዱኝ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጡ። እዚህ የኋላው ገጽ ላይ የደንበኞቼ መስኮት ተጽፏል፦ «ባለ በረንዳው ቤት፣ 9። የዳኛው ቤት፣ 11፤ ከኋላ በኩል አንዱ አይዘጋም።» ውሃ እንዳይገባ ነው የጻፍኩት። እነሱ ግን «አይዘጋም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ተያዩ።

መምህር ጋሻውን አስጠሩት። «ተማሪዬ ናት» አለ። እያነበበ ሳለ ልማድ ሆኖበት ቀይ እርሳሱን አወጣና ሁለት ስሕተት አረመ። ይሄኔ ሰላይ እንዳልሆንኩ አመኑ መሰለኝ። አለቃቸው ሽማግሌ ሰው ነው። ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው፣ አንዳንዴም ፈገግ አለ። ሲመልስልኝ ግን ሳይስቅ ጠየቀኝ።

«መስኮቱን ተይው። ጉልበትሽን ሐኪም አይቶታል?»

«ስለ ጉልበቴ አንድ ቃል አልጻፍኩም» አልኩት።

ቤቴ ገብቼ አገላበጥኩት። አራት ቦታ አገኘሁት። አራቱም ላይ «አይደለም» ይላል። አንብቦ የማይገባው ሰው እንዴት አለቃ ይሆናል?

ታኅሣሥ 29፣ የልደት ዕለት

በሩን ስከፍት ባልዲዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ብቻ። ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሕምባሻ አለ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ባልዲው የእኔ ስለሆነ በውስጡ ያለውም የእኔ ነው ብዬ በላሁት። ስኳሩ ትንሽ ነው። ስኳር እንደማልወድ ታውቃለች።

ጥር 9

በመስኮት አሥር። ሰሌዳው ላይ የሚጻፍበት ቦታ አለቀ፤ በጀርባው ገለበጥኩት። ተኽለ ሁለተኛ ፈረስ ገዛ። ጠንካራ ሠራተኛ ሰው ነው።

ጥር 22፣ ሰኞ

ሥራው ዛሬ ሊጀመር ነበር። መሰላሉን በተኽለ ጋሪ አስጭኜ ወደ ወይዘሮ ስመኝ ቤት ስገባ፣ ኣምለሰት ባልዲዋን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ባልዲዬን ማለቴ ነው።

ወይዘሮ ስመኝ ብልህ ሴት ናት። ከሦስት ወር በፊት ምንም አታውቅም ነበር፤ ገበያው አስተምሯታል። «ለታቹ እሷ ትረክሳለች፣ ለላዩ አንቺ መሰላል አለሽ። ስለዚህ ታቹን ስምንት መስኮት ለእሷ በአሥር ሳንቲም፣ ላዩን አሥራ አራት መስኮት ለአንቺ በሃያ» አለች። ከዚያ ከሰል ከማድቤት አስመጥታ፣ ክርክር እንዳይነሣ ብላ፣ ቤቱን ዙሪያውን በወገቡ ላይ ጥቁር መስመር አሰመረችበት። ለሰርግ የሚታጠብ ቤት በከሰል ተሰመረ።

«መስመሩን ማን ያጥባል?» አለች ኣምለሰት። ከሁለት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃሏ ነው። ለእኔ አልነበረም።

ወይዘሮ ስመኝ አሰበችና «ግማሽ ግማሹን» አለች።

ችግሩ ሌላ ነው። ላዩ ሲታጠብ ቆሻሻው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ማጠብ አለብኝ፣ ቀጥሎ እሷ። እኔ እስክጨርስ እሷ ትጠብቃለች። ሁላቸውም እኔን አዩ።

ዛሬ ነፋስ ስለነበረ አልጀመርኩም።

ጥር 23

ፀሐይ። ኣምለሰት ባልዲውን ገልብጣ ተቀምጣበት ዋለች። መሰላሉን አየችው፣ ከዚያ ጉልበቴን አየችው፣ ከዚያ ሰማዩን አየችው።

ጥር 24

የማጠቢያው ሶዳ አልቀለጠም። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ቀዘቀዘ። ተኽለ «ያደረ ውሃ ለግድግዳ አይሆንም» ብሎ አዲስ ሸጠልን፣ ለሁለታችንም። ወይዘሮ ስመኝ በረንዳ ላይ ወጥታ «እማማ ርግበ፣ ልጄ የምትዳረው ዘንድሮ ነው!» አለችኝ። ዓርብ ዳስ ጣዮቹ ይመጣሉ። ካልሆነልኝ ነገ የመጨረሻዬ ነው። ወንድሜ ስንት ዶሮ አለው?

ጥር 25፣ ሐሙስ፣ ማታ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ተኽለን በስሙኒ ቀጠርኩት፣ መሰላሉን እንዲይዝልኝ። ድንጋዩን አላመንኩትም። ብሩሼን በቀበቶዬ ሰካሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ አረፍኩ። አራት ላይ ስደርስ አዲሱ ፈረስ ለሙሽራዋ የተተከለውን አበባ መብላት ጀመረ። ወይዘሮ ስመኝ ጮኸች። ተኽለ ለቀቀኝና ወደ ፈረሱ ሮጠ።

መሰላሉ ወደ ጎን ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ። ከዚያ ቀጥ አለ። ወደ ታች አላየሁም። የያዘውን እጅ አውቀዋለሁ።

«ማነው?» አልኩ። ባውቅም መጠየቅ ነበረብኝ።

«እኔ ነኝ፣ ኣሞይ።»

«ባልዲዬ የት አለ?»

«እዚሁ አለ።»

እሷ መሰላሉን ያዘች፣ እኔም መሰላሉን ያዝኩ። ፊቴ ግድግዳው ላይ ነው፤ የከሰሉ መስመር ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ይታየኛል።

«ለምንድን ነው በአሥር ሳንቲም የምታጥቢው?» አልኩት ግድግዳውን። «ሥራውን ገደልሽው።»

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ! ገና ስወጣ እኔ ሃምሳ ነበር ያልኩት፣ እንደ አንቺ። አርባ ያልሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ሠላሳ። ከዚያ በሩን በነጻ።»

«በሩን በነጻ ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«አጥሩን ማን አለ?»

«አጥሩን እኔ ነኝ። ግን አንቺ በሩን ስላልሽ ነው። ሻሂስ? ሰው ሻሂ እየጋበዙ ያጥባሉ?»

«ሻሂ? ኣሞይ፣ እኔ ራሴ ሻሂ ከጠጣሁ ሳምንቴ ነው! የምትጋብዢው አንቺ ነሽ ተባልኩ። ደበሳይን ጋብዘሽው የለ?»

ይህ እውነት ነው።

«ማነው የነገረሽ?» አልኳት በኋላ።

«ተኽለ።»

«ለእኔም ተኽለ ነው።»

ከኋላዬ የጋሪ ጎማ ድምፅ ሰማሁ። ጋሪው ሲመጣ ቀስ ብሎ ነበር፤ ሲሄድ በሁለት ፈረስ ነው። «ተኽለ!» ብለን አንድ ላይ ተጣራን። ቆቡ ወድቆ ኖሮ ለማንሣት እንኳ አልተመለሰም። ቤት በታጠበ ቁጥር ውሃ ይሸጣል። እኛ ስንረክስ እሱ ይበረክትለታል። ይህን ለማወቅ አራተኛው እርከን ላይ መንጠልጠል ነበረብኝ።

ኣምለሰት ሳቀች። ሳቋ በእንጨቱ መጣና እግሬን አንቀጠቀጠው። ወይም እግሬ ቀድሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳቋን ስትጨርስ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «ኣሞይ፣ ውረጂ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ሶዳው እስኪቀልጥ ሻሂ እንጠጣ ነው ያልኩት።»

«ለሻሂ ከሆነ እወርዳለሁ» አልኳት።

ቁርጭምጭሚቴን በእጇ እየያዘች እግሬን በየእርከኑ አስቀመጠችልኝ። አራት እርከን ነው። ብዙ ቆየን።

ሻሂውን ከጠጣን በኋላ ብሩሹን ከቀበቶዬ መዘዘችና ወጣች። ሳትጠይቀኝ። መሰላሉን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ያዝኩ።

ጥር 26፣ ዓርብ

የላዩን ሰባት መስኮት ትናንት ጨረስን። ጠዋት ወይዘሮ ስመኝ ወጥታ ቆጠረች።

«ማን ናት ላይኛዋ? ማን ናት ታችኛዋ? እኔ የተዋዋልኩት እንዲህ አይደለም።»

«ተዋሕደናል፣ እሜቴ» አልኩ። «ዋጋውም ተለውጧል። ሁሉም መስኮት ሃምሳ ሳንቲም።»

«ግማሹን አጥባችሁ ነው ዋጋ የምትጨምሩት? ይህ ዘረፋ ነው! ሌላ አስጠራለሁ።»

«ይጥሩ» አለች ኣምለሰት ከላይ፣ ከአሥራ አራተኛው እርከን።

ወይዘሮ ስመኝ ወደ ውጭ ወጥታ ቤቱን ከመንገድ ማዶ አየችው። እኔ በቆጠርኩበት ቦታ ነው የቆመችው፤ እሷን ግን ማንም አላሰራትም። ቤቱ በላይ በኩል ግማሽ ፊቱ በርቷል፣ ግማሹ አመድ ነው፣ በወገቡ የከሰል ቀበቶ ታጥቋል።

«እሜቴ» አልኳት፣ «አንድ ዓይኗን ብቻ የተኳለች ሙሽራ ናት አሁን። እንዲህ ይሁን ካሉ እንተወዋለን።»

ዳስ ጣዮቹ እንጨታቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ሃያ ሁለት መስኮት» አለች በጥርሷ። «መስመሩን ግን በነጻ!»

መስመሩን በነጻ አጠብነው። ያ ከሰል ብዙ ዕዳ ነበረበት፤ አንድ በርሜል ውሃ ፈጀ። ውሃውን ከሌላ ሰው ገዛን።

የካቲት 1፣ ረቡዕ

ሁለት የመኮንን ሚስቶች ጠርተውናል። አዲስ ሰሌዳ ጻፍኩ፦ «ቤት እስከ ጣሪያው ይታጠባል። በመስኮት 50 ሳንቲም። ርግበና ኣምለሰት።» መምህር ጋሻው «ዜሮዋን ረስተሻታል፣ እንቁላል አስመሰልሻት» አለ። ሁለት ወር ዜሮ ሳገኝ ኖሬ እንዴት ልረሳት? ያን ጊዜ ግን ዜሮው ኪሴ ውስጥ ነበር።

በክፍያው ተከራከርን። እኔ ሦስት ቦታ ይከፈል አልኩ፤ ለእሷ፣ ለእኔና ለመሰላሉ። «መሰላሉ ምን ይበላል?» አለች። እኩሌታ ሆነ። ድሮም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። ይህን እዚህ አልጻፍኩትም ነበር፤ አሁን ጻፍኩት።

ደበሳይ የቀን መቁጠሪያውን አወረደ። አራት መስኮት።

የካቲት 5፣ እሑድ

ትናንት የዳኛውን ቤት አጠብን። ኣምለሰት ላይ ናት፣ እኔ ከታች። ብዙ አዘዝኳት፤ ያዢ ተባልኩ እንጂ ዝም በይ አልተባልኩም።

አንድ ነገር አወቅሁ። መሰላል ሲይዙት የላይኛዋ እግር በእንጨቱ ውስጥ ያልፋል። ሳላያት የት እንደደረሰች በመዳፌ አውቃለሁ። ስታርፍ፣ ስትዘረጋ፣ ክብደቷን ከግራ ወደ ቀኝ ስትለውጥ። አንድ ጊዜ እርከኑ እርጥብ ሆኖ እግሯ ሸርተት ሲል፣ እሷ ሳታውቀው እኔ አወቅሁት፣ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

እንግዲህ እሷም ሃያ ዓመት እንዲህ ስታውቅ ኖራለች። ዘጠነኛው ላይ ከተማውን ሳይ ብቻ አይደለም። አምና ስድስተኛው ላይ። ካቻምና፣ ዝናብ ነው ብዬ በወረድኩበት ቀን። ሁሉንም በመዳፏ ሰምታ፣ ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ዝም ብላለች። አንድ ቀን ብቻ ጮኸች።

ሁለተኛውን ባልዲ ዛሬ መለሰችልኝ። ያንቺው ይሁን አልኳት።

ሐኪም ጋ ሐሙስ እንሄዳለን። መሰላሉን ማታ ማታ ቤት ውስጥ ከአልጋዬ አጠገብ አጋድመዋለሁ፣ ደበሳይን አላምነውም። አሥራ ዘጠኙንም እርከን በጨርቅ እወለውላለሁ፣ በየስንጥቁ ዘይት እቀባለሁ፣ ሲቆም እግሩን እይዛለሁ።

ከእንግዲህ ግን አልወጣበትም።